አሸዋ ሜዳ፣ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፦ ባለሞተር እግር የሞከርኩባቸው አራት ወራት

ቀኝ እግሬ ከጉልበት በላይ የተቆረጠው በ2010 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የመኪና አደጋ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል። ሥራዬ ብየዳ ነው። ከአስኮ አልፎ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። በ2017 ከኅዳር እስከ የካቲት ሁለት የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለመመረቂያቸው የሠሩትን፣ በጡንቻ ምልክት የሚታዘዝ ባለሞተር ጉልበት እኔ ላይ ሞከሩ። ወሬው ከሰፈር ወጣና እግራቸው የተቆረጠ፣ አንዳንዴም ሊቆረጥ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች ይደውሉልኝ ጀመር። ጥያቄያቸው አንድ ነው። "በሐሳብ የሚሄድ እግር መጣ የሚባለው እውነት ነው? ይሄን ፕላስቲክ ትቼ እሱን ልጠብቅ?"

አጭሩ መልስ፦ እግሩ በዓለም ላይ አለ፤ አትጠብቁት። ረጅሙን መልስ በየስልኩ መድገም ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

"በነርቭ የሚታዘዝ" ሲሉኝ መጀመሪያ ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ የሚሰኩ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴም "አእምሮህን ቢነኩብህስ?" እያለች አንድ ሌሊት ሙሉ አላስተኛችኝም። ነገሩ ሌላ ነው። አንጎል እግርን ሲያዝ ትእዛዙ በአከርካሪ ወርዶ፣ በነርቭ አልፎ ጡንቻ ላይ ይደርሳል። ጡንቻው ሲኮማተር ደግሞ እሱ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ቆዳ ላይ ሲለካ ጥቂት ሚሊቮልት ቢሆን ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ የሚሰማው ያንን ነው። ነርቭ በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው ቢሆን ጡንቻ ሞንታርቦው ነው በሉት። ሽቦ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የልብ ምርመራ ያደረገ ሰው ደረቱ ላይ የሚለጠፈውን ያውቀዋል፣ የእሱ ዘመድ ነው።

እግር ሲቆረጥ ታዲያ ሞንታርቦው ተወስዶ ተናጋሪው ብቻውን ይቀራል። ቁርጭምጭሚትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ባት ላይ ናቸው፤ የእኔ ባት የለም። ወደ ባት ይወርዱ የነበሩት ነርቮች ግን ጭኔ ውስጥ ተቆርጠው ቀርተዋል፣ ትእዛዝ ማምጣታቸውንም አላቆሙም። አሜሪካ ውስጥ ቶድ ኩይከንና ግሪጎሪ ዱማኒያን የተባሉ ሐኪሞች እነዚህን ባለቤት ያጡ ነርቮች ወደ ሌላ ጡንቻ ማዛወር ጀመሩ። ነርቩ አዲሱ ጡንቻ ላይ ያድጋል፤ ሰውዬው ቁርጭምጭሚቴን ላንሳ ሲል ጭኑ ላይ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 እንዲህ የተደረገለት አንድ ሰው በባለሞተር እግር የቺካጎውን ዊሊስ ታወር 103 ፎቅ በደረጃ ወጣ። ሌቪ ሃርግሮቭ የሚመራው ቡድን በቀጣዩ ዓመት ያወጣው ጽሑፍ ላይ ያለችው ቁጥር ናት የኔን ልብ የያዘችው። እግሩ በራሱ ላይ በተገጠሙ ዳሳሾች (እንቅስቃሴና ጫና በሚለኩ መሣሪያዎች) ብቻ ሲሠራ የሰውዬውን ፍላጎት 12.9 ከመቶ ያህል ይስት ነበር፤ የጡንቻው ምልክት ሲጨመርበት ስህተቱ ወደ 1.8 ከመቶ ወረደ። ደረጃ ላይ መሳት ማለት ምን እንደሆነ እግር ያጣ ሰው አይነገረውም።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ተማሪዎቹ ሲያስረዱኝ አልገባኝም ነበር፣ በኋላ በታክሲ ገባኝ። ዳሳሽ ብቻ ያለው እግር፣ በሩ ሲከፈት ነው ሰው ሊወርድ እንደሆነ የሚያውቀው ሾፌር ነው። የጡንቻ ምልክት "ወራጅ አለ!" የሚለው ድምፅ ነው። ቀድሞ ይደርሳል።

ነርቭ የሚዛወረው በቀዶ ሕክምና ነው፤ እኔ አልተደረገልኝም። ተማሪዎቹ እኔ ጋ የመጡት ያለዚያም ትንሽ ይሠራል የሚል ተስፋ ይዘው ነው። መሠረት አላቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ያው የሃርግሮቭ ቡድን እግራቸው ከጉልበት በላይ ወይም ጉልበት ላይ የተቆረጠ 7 ሰዎችን ሞክሮ፣ የጭን ጡንቻ ምልክት ሲታከል ስህተቱ ከ14.1 ወደ 7.9 ከመቶ እንደወረደ ጽፏል። ግማሽ ያህል ማለት ነው። 7.9 ግን አሁንም ብዙ ነው፤ ይህን ቁጥር በጭኔ አይቼዋለሁ፣ እመጣበታለሁ።

ሙከራውን ያደረግነው እኔ ከምሠራበት ብየዳ ቤት ጀርባ በተከራዩት ክፍል ነው። ከተማ ድረስ ታክሲ ሁለት ጊዜ ቀይሬ፣ ወረፋ ቆሜ ስደርስ ጉቶዬ አብጦ ለምንም አይሆንም ነበርና እነሱ ወደ እኔ መጡ። (የቀረውን ጭኔን ጉቶ እለዋለሁ፤ ቃሉ የሚከብዳችሁ ይቅር በሉኝ።) የመጀመሪያው ቀን ስድስት ቦታ ላይ ለጠፉልኝ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከውስጥ በኩል። ከዚያ አንደኛው ተማሪ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ኮምፒውተሩን እያየ "ጋሼ፣ አሁን ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይ ያንሱ" አለኝ።

"የቱን?" አልኩት።

"የቀኙን።"

ሳቅሁ፣ ከዚያ ሞከርኩ። የሚገርመው እግሩ መኖሩ ነው። ስድስት ዓመት ተኩል የሌለ እግር፣ ተረከዙ፣ አውራ ጣቱ፣ ሁሉም በቦታው አለ፤ ግን ጠባብ ጫማ ውስጥ እንደገባ ታፍኗል፣ አይታዘዝም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሳደርገው ግን ስክሪኑ ላይ ከኋላ በኩል ያለው መስመር ፈራ ተባ እያለ ተነሣ። ልጁ ከወንበሩ ዘለለ። እኔ አልዘለልኩም፣ ዓይኔ ግን እንባ አቀረረ። ባት ባይኖርም የጭን ጡንቻዎች ቁርጭምጭሚትን ሲያጅቡ የኖሩ ስለሆኑ ሐሳቡ ሲመጣ እነሱም በልማድ ይነቃነቃሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚለየው ያንን አነቃነቅ ነው።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ድንገት ስድስቱም መስመር አበደ፤ ስክሪኑ ጥቁር ጭረት ብቻ ሆነ። ልጆቹ ሽቦ ይፈትሻሉ፣ ኤሌክትሮድ ይቀይራሉ፣ ፕሮግራም ይዘጋሉ ይከፍታሉ። እኔ ግን ከግድግዳው ማዶ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ባልደረባዬ ኤሌክትሮድ ለኩሶ በር እየበየደ ነው! (የእኛም ዘንግ ስሙ ኤሌክትሮድ ነው፤ ያን ቀን በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሮድ ነበር።) የጭኔ ድምፅ ሚሊቮልት፣ የእሱ ማሽን መቶ ምናምን አምፔር። ሄጄ "ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት አረፍ በል" አልኩት፤ መስመሩ ጸጥ አለ። ላፕቶፑን ደግሞ ቻርጅ ላይ ሰክተው ነበር፤ ሲነቅሉት የቀረው ጭረት ጠፋ፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው 50 ሄርዝም ይገባ ኖሯል። ይሄኛው የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነታችሁ ላይ ሽቦ የሚለጥፍ ሰው መሣሪያውን በባትሪ ማሠራቱን ጠይቁት። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥን ያቃጥላል።

ታኅሣሥን ያሳለፍነው ጠረጴዛ ላይ ከታሰረው ጉልበት ጋር ነው። እኔ ተቀምጬ ጉልበቴን ላጥፍ ስል አንድ ሜትር ርቆ ያለው ብረት ይታጠፋል። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አይታ "አባ፣ እግርህ ብቻውን ይጫወታል" አለች። ድካሙ ግን ያልጠበቅሁት ነበር። ሃያ ደቂቃ ካሰብኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብረት እንደተሸከመ ሰው ይዝላል ጭኔ። ለዓመታት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጡንቻ ነዋ።

እዚህ ላይ ነው ስለ ጉቶዬ እውነቱን የሰማሁት። የፊቱ ጡንቻ ምልክት ጎላ ያለ ነው፣ የኋላው ግን ደካማ። በኋላ ያየኝ ፊዚዮቴራፒስት የኋላው ጡንቻ ጫፉ ጥሩ አድርጎ ስላልያዘ ወደ ላይ ሸሽቷል አለኝ። የእኔ ቀዶ ሕክምና የድንገተኛ ነበር፤ ሕይወቴን ያተረፉትን አልወቅስም። እናንተ ግን ቀን ተይዞላችሁ የምትቆረጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስኳር ወይም በዕጢ ምክንያት፣ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጡንቻዎቹን ከአጥንቱ ጋር ወይም እርስ በርስ ያስሯቸዋል ወይ? የተቆረጡትን ነርቮች ምን ያደርጓቸዋል? መልሱ የሚወሰነው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ለመጠየቅ እንደ እኔ ይረፍዳል። ሂው ኸር፣ ራሱ ሁለት እግሩን በበረዶ ያጣው፣ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ከቀዶ ሐኪሞች ጋር ሆኖ የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው እንዲሳብ የፊትና የኋላ ጡንቻን ጥንድ አድርጎ መስፋት። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ጥናታቸው ከጉልበት በታች ከተቆረጡ 14 ሰዎች እንዲህ የተሠራላቸው 7ቱ ከሌሎቹ በ41 ከመቶ የበለጠ ከፍተኛ የእርምጃ ፍጥነት አሳይተዋል። ሞተሩ ለሁለቱም ወገን ያው ነበር።

ጥር ላይ መራመድ ሆነ። ለዚህ ኤሌክትሮዶቹ ጉቶው በሚገባበት ጎድጓዳ ክፍል፣ ሶኬቱ ውስጥ መሆን አለባቸው። ልጆቹ ሌላ ሶኬት የማሠሪያ ገንዘብ የላቸውም። "ቀላል ነው፣ የእኔኑ እንበሳዋለን" አልኩ። ድሪሉን የያዝኩት እኔው ነበርኩ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ስድስት ቀዳዳ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሻሽቼ። መደገፊያ ብረቶቹንም እኔ በየድኩ፣ ከጣሪያው ብረት ላይ የግንባታ ሠራተኞች የሚታጠቁት የደኅንነት ቀበቶ አንጠለጠልን።

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እንዴት ልንገራችሁ። የእኛ ተራ ጉልበት የሚወዛወዝ በር ነው፤ ዳሌህን ወርውረህ ታወዛውዘዋለህ፣ ሳይከዳህ ቶሎ ትጭነዋለህ። ይሄኛው ተሸከመኝ። ከወንበር ስነሣ ከሥር ገፋኝ፤ ስድስት ዓመት ተኩል ሙሉ በግራ እግሬና በክንዴ ብቻ ነበር የምነሣው። ስድስት እርምጃ ሄድኩ። በሰባተኛው፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ጉልበቱ ታጠፈ።

ቀበቶው ያዘኝ። ባይኖር ኖሮ ፊቴ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ምክንያቱ ላብ ነው፤ ጭኔ ሲሞቅ አንዱ ኤሌክትሮድ ተንሸራቶ ኮምፒውተሩ "እጠፍ" ያልኩት መሰለው። ያ 7.9 ከመቶ የሚሉት ነገር ሰውነት ላይ ሲመጣ እንዲህ ነው። ስለዚህ ማንም ቢሆን ያለ ቀበቶ እንዲህ ያለ እግር አስሮ "ተራመድ" ካላችሁ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ማታ ላይነሩን (ጉቶውና ሶኬቱ መሃል የሚለበሰውን ለስላሳ ሽፋን) ሳወልቅ ጉቶዬ ላይ ሁለት ቦታ ተልጦ አገኘሁት። ሳላሳየው ሦስት ቀን ሠራሁበት፤ ቁስል ሆነ። ሦስት ሳምንት ሰው ሠራሽ እግር አላደረግሁም፤ በክራንች ሆኖ ብየዳ የለም፣ ስለዚህ ገቢም የለም። የፈረምኩት ቅጽ በአማርኛ ነበር፣ ሳላነበው ነው የፈረምኩት። በኋላ ሳነበው በማንኛውም ሰዓት ማቆም እንደምችል ይላል፤ ብጎዳ ማን እንደሚያሳክመኝ፣ የሥራ ቀኔን ማን እንደሚችል ግን ዝም ነው። የትራንስፖርት ይሰጡኝ ነበር፣ ከኪሳቸው ይመስለኛል። ልጆቹን አይደለም የምቀየመው፤ የላካቸው የትምህርት ክፍል ይህን ሊያስብበት ይገባ ነበር። ሌላም ያልጠየቅሁት ነገር ነበር፦ ሙከራው ሲያልቅ እግሩ ይሄዳል። አውቀው ነበር፣ ሲሄድ ግን እንደ አዲስ ከበደኝ። ባለቤቴ "ሁለተኛ ተቆረጠብህ እንዴ?" ብላ ቀለደች፣ ከዚያ ራሷ አለቀሰች።

ሶኬቴን ያዩት የሰው ሠራሽ እግር ማዕከሉ ባለሙያ ደግሞ ተቆጡኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ በር ነው የመሰለህ?" የእኛ አገር አብዛኛው ሶኬት ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ቀይ መስቀል ያስፋፋው አሠራር፤ የማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ደግነቱ በሙቀት ይጠገናል፤ ቀዳዳዎቹን ደፍነው አስተካከሉልኝ። አንድ ሶኬት ብቻ ያላችሁ ሰዎች ማንም እንዳይበሳባችሁ። የካቲት ላይ ልጆቹ ስስ ኤሌክትሮድ ካልሲ ላይ ሰፍተው መጡ፣ ቁስል ሳይኖር ጨረስን። ያን ጊዜ መጀመሪያ ለምን አላሰብነውም?

ሃምሳ አለቃ የምንላቸው ጎረቤቴ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች በፈንጂ ካጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሙከራውን አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፈው አዩና "ዝናብ ይችላል?" አሉ። አይችልም። "መብራት ሲጠፋስ?" ባትሪው እስኪያልቅ ነው። "ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?" ዝም አልኩ። ክረምት የአሸዋ ሜዳን የውስጥ መንገድ ታውቃላችሁ፤ ባጃጅ እንኳ "አልገባም" የሚልበት ጭቃ ነው። የእሳቸው እግር ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ በጀሪካን ውሃ ይታጠባል፣ ይሄዳል። እኔ ሃምሳ አለቃ ትክክል ናቸው፣ ጥናቱ ግን ይቀጥል ባይ ነኝ። የተሠራው ለሌላ መንገድ ስለሆነ ነው ጭቃ የማይችለው፤ እኛ ላይ ካልተሞከረ ደግሞ ምንጊዜም ለሌላ መንገድ እንደተሠራ ይቀራል።

አሁን ለደዋዮቼ የምለው። አዲስ የተቆረጣችሁ፣ ከጉቶው ሥር ትራስ አታድርጉ። እኔ ሦስት ወር አደረግሁ፣ ስለሚያሳርፍ፤ ዳሌዬ ወደ ፊት ታጥፎ ደረቀ፣ ለማቃናት ዓመት ፈጀብኝ። በቀን ደጋግማችሁ አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ በሆዳችሁ ተኙ። ፋሻውን ስትጠቀልሉ በ8 ቁጥር ቅርጽ፣ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ላላ ይበል፤ እንደ ቀለበት ዙሪያውን አታንቁት። እህቴ አስኮ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ናት፣ ሊፍት የለም፤ ስወጣ ጤነኛው ይቀድማል፣ ስወርድ ሰው ሠራሹ።

የሌለውንም እግር አሠሩት። ይሄን ከሙከራው በፊት ቢነግሩኝ እስቅ ነበር። ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ የሌለ ቁርጭምጭሚቴን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ የግራውን አብሬ እያንቀሳቀስኩ። በእኔ ላይ ያ የታፈነ ጫማ ስሜት ላላ፤ በሳምንት አራት አምስት ሌሊት ይቀሰቅሰኝ የነበረው ቁርጠት አሁን አንድ ሌሊት ቢመጣ ነው። ለእናንተ እንደዚያው ይሆናል አልልም፤ ፊዚዮቴራፒስታችሁን ጠይቁ። ግን ሶኬቱንም የሚሞላው፣ ተራውንም ጉልበት የሚቆጣጠረው ያው ጡንቻ ነው፣ ሞተር መጣም ቀረ።

በዚህ በኩል ለምትኖሩ፣ ከቡራዩ አልፎ መናገሻ ላይ ቼሻየር አለ፤ ከስድሳ ዓመት በላይ በተለይ ከልጆች ጋር የሠራ የአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ ማዕከል ነው፤ ልጅ ያላችሁ እዚያ ጀምሩ።

ልጆቹ ተመርቀዋል። አንደኛው ባለፈው ሰሞን ደወለ፤ ቀለል ያለ ሌላ ጉልበት እየሠሩ ነው፣ እንደገና እሞክርላቸው እንደሆነ ሊጠይቀኝ። ቁስል ቢመጣ ማን እንደሚያሳክም በጽሑፍ እንዲያመጣ፣ ሶኬት የራሳቸውን ይዘው እንዲመጡ፣ ከክረምት በኋላ እንዲሆን ነገርኩት። ሁሉንም እሺ አለ።

"ቀኑስ ጋሼ፣ መቼ ይመችዎታል?"

"እሁድ" አልኩት። "እሁድ ማንም አይበይድም።"